ጋንዲ 72 እራት በልቶ ጠበቃ ሆነ

አዲስ አበባ ውስጥ «የተወለድኩት ጋንዲ ነው» የሚል ሰው ሞልቷል። ሆስፒታሉን ማለቱ ነው። ስሙን በየጊዜው እንጠራዋለን። ሰውየውን ግን የምናውቀው በስተርጅናው ፎቶ ነው። መላጣ፣ ክብ መነጽር፣ ነጭ ሸማ፣ ምርኩዝ።

ከዚያ ፎቶ በፊት ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ሎንዶን ውስጥ ሕግ የሚያጠና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራው፣ ዓይን አፋር ልጅ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው። ጠበቃ የሆነበት መንገድ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ግን እውነት ነው፤ ለፈቃዱ ከተጠየቁት ሁለት ነገሮች አንዱ እራት መብላት ነበር።

(«እሳቸው» ያላልኩት የልጅነቱን ስለማወራ ነው። ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 ፖርባንዳር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። ቦታው ምዕራብ ሕንድ ነው፤ ዛሬ ጉጃራት ይባላል። ያን ጊዜ አካባቢው በብዙ ትናንሽ መሳፍንት ተከፋፍሎ ነበር። መሳፍንቱ ዙፋን አላቸው፤ ከበላያቸው ግን እንግሊዝ አለ። አባቱ የፖርባንዳር ዲዋን ነበር፤ ኋላም የራጅኮት። ዲዋን የመስፍኑ ዋና ሹም ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደማለት። ይህችን ቃል ያዟት። የልጁ የሕግ ትምህርት የሚጀምረው ከእሷ ነው።

እናቱ ፑትሊባይ ጾም የሚቀናት፣ ለስለት የማትሰንፍ ሴት ነበረች። ልጁ በትምህርቱ መካከለኛ ነው። ደወል ሲደወል ክፍል ይገባል፤ ትምህርት ሲያልቅ በሩጫ ቤቱ። የሚሮጠው ማንም እንዳያናግረው ነው። በ13 ዓመቱ ዳሩት። በ1885 አባቱ ሞተ። በ1887 ማትሪክ አለፈና ባቭናጋር ወደሚገኝ ኮሌጅ ተላከ። ትምህርቱ ጭራሽ አልገባው አለ። አንድ ተርም ቆይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በኋላ ሲጽፍ ጥፋቱ የመምህራኑ ሳይሆን የራሱ እንደነበር አምኗል።

የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነ አንድ ብራህሚን (የሂንዱ ካህናት ወገን) ቤት መጥቶ ሒሳቡን የሠራው ይሄኔ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ልጁ እዚሁ ዲግሪ ልያዝ ቢል አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ይዞ የሚያገኘው በወር 60 ሩፒ የሚከፈልበት ሥራ ነው። እሱን ይዞ የአባቱን ወንበር ማሰብ አይቻልም። ዘመኑ ተቀይሯል፤ ዲዋንነት የተማረ ይፈልጋል። እንግሊዝ አገር ቢሄድስ? በሦስት ዓመት ባሪስተር ሆኖ ይመለሳል። ወጪው ከአራት እስከ አምስት ሺህ ሩፒ ነው።

ልጁ ሐሳቡ ሕክምና ነበር። ወንድሙ «አባታችን አይወደውም ነበር፤ የእኛ ሃይማኖት ሰው ሬሳ አይቀድም» አለው። ስለዚህ ሕግ የተመረጠው ፍትሕን ስለወደደ አይደለም። የአባቱን ወንበር መልሶ ለማግኘት አቋራጭ ስለነበር ነው። ይህን የምለው ላሳንሰው አይደለም። የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ከእንቁላላቸው ጀምሮ ዓላማ ያላቸው ይመስላሉ። ይሄኛው አልነበረውም።

ከዚያ እናት አለች። እንግሊዝ አገር የሄደ ልጅ ሥጋ ይበላል፣ ይጠጣል ተብሎ ሰምታለች። አንድ የጃይና (ሥጋ የማይበላበት የሕንድ ሃይማኖት) መነኩሴ መፍትሔ አመጣ፤ ልጁ ሥጋ፣ መጠጥና ሴት እንደማይነካ በመሐላ ያስር። አሰረ። እናት ፈቀደች። ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ሲደርስ ደግሞ የጎሳው ሽማግሌዎች ጉባኤ ጠሩት። ባሕር መሻገር ከሃይማኖት መውጣት ነው አሉ። እሄዳለሁ ሲል አወገዙት፤ የረዳው ወይም ወደብ ድረስ የሸኘው ሰው አንድ ሩፒ ከአራት አና (አና የሩፒ ሽርፍራፊ ነው) ይቀጣል ተባለ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1888 መርከብ ተሳፈረ። ሚስቱን ካስቱርባንና የጥቂት ወራት ልጁን ትቶ ነበር የሄደው።

እራቱ እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል።

እንግሊዝ አገር ጠበቃ ሁለት ዓይነት ነው። ሶሊሲተር የሚባለው ባለጉዳዩን ቢሮው ተቀብሎ ያነጋግራል፤ ሰነድ ያዘጋጃል። ባሪስተር ደግሞ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ከፈረስ ፀጉር የተሠራ ዊግ አጥልቆ ችሎት ይቆማል፤ ይከራከራል። በዚያ ዘመን ሶሊሲተር ለመሆን አንድ ቢሮ ገብቶ ለዓመታት ሥራ መልመድ ግድ ነበር። ትልቅ ክብር ያለው ግን ባሪስተርነት ነው። ባሪስተር ለመሆን ደግሞ ያኔ ሥራ መልመድ አያስፈልግም ነበር።

የሚያስፈልገው ከአራቱ ማኅበራት አንዱ ውስጥ መመዝገብ ነው። ኢነር ቴምፕል፣ ሚድል ቴምፕል፣ ሊንከንስ ኢን እና ግሬይስ ኢን ይባላሉ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ያሉ የጠበቆች ሰፈሮች ናቸው። አዳራሽ አላቸው፣ ቤተ መጻሕፍት አላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ባሪስተር የመሾም ሥልጣን የእነሱ ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ቢፈልግ ዲግሪ ይስጥ፣ ካባውን የሚያለብሱት እነሱ ናቸው። ጋንዲ ኖቬምበር 6 ቀን 1888 ኢነር ቴምፕል ተመዘገበ።

(በነገራችን ላይ የሕንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩም እዚያው ኢነር ቴምፕል ነው። ምክትሉ ፓቴል ሚድል ቴምፕል፣ የፓኪስታን መሥራች ጂና ሊንከንስ ኢን፣ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው አምቤድካር ግሬይስ ኢን። እንግሊዝን ከሕንድ ያስወጡት ሰዎች አራቱንም ተከፋፍለው እራት በልተውባቸዋል።)

ከተመዘገቡ በኋላ በዚያ ዘመን መስፈርቱ ሁለት ነበር። አንዱ ፈተና፣ ሌላው «ተርም መሙላት»። ዓመቱ በአራት ተርም ይከፈላል። ተማሪው 12 ተርም መሙላት አለበት፤ ሦስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ተርሙ የሚሞላው ክፍል ገብቶ በመማር አይደለም። በማኅበሩ አዳራሽ እራት በመብላት ነው! በእያንዳንዱ ተርም ወደ 24 እራት ይዘጋጃል፤ ቢያንስ ስድስቱ ላይ መገኘት ግድ ነው። 12 ጊዜ 6፣ 72። ርዕሱ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው።

መብላትም የግድ አይደለም። በሰዓቱ መጥቶ፣ ካባ ለብሶ፣ እራቱ እስኪያልቅ መቀመጥ በቂ ነው። ከፋዩ ግን ተማሪው ነው፤ ለአንድ እራት ከሁለት ሺሊንግ ተኩል እስከ ሦስት ተኩል። ወይን ተጨምሮበት ለሎንዶን ውድ አይባልም። ለጋንዲ ግን ገንዘቡ ውኃ በልቶት ነበር። ሥጋ አይበላ፣ ወይን አይጠጣ። መጀመሪያ ላይ በዳቦ፣ በቅቅል ድንችና በጎመን ነበር የሚወጣው። ኋላ እሱና እንደሱ ሥጋ የማይበላ አንድ የፓርሲ (ከፋርስ የመጡ የሕንድ ማኅበረሰብ) ተማሪ አመለከቱና ከታላላቆቹ ጠበቆች ማዕድ አትክልትና ፍራፍሬ ይመጣላቸው ጀመር።

ወይኑ ግን ተፈላጊ አደረገው። ለአራት ሰው ሁለት ጠርሙስ ይቀርባል። ከአራቱ አንዱ ጋንዲ ከሆነ ሁለቱን ጠርሙስ ሦስት ሰው ይካፈለዋል። ስለዚህ «እኛ ጋር ና፣ እኛ ጋር ና» የሚለው በዛ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተሻማበት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የእራቱ ልማድ ከየት መጣ? ድሮ ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ። ከታላላቆቹ ጋር እየበሉ ሕግ ያወራሉ፣ ንግግር ይለምዳሉ፣ የሙያውን ጠባይ ይወርሳሉ። ማዕዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ጋንዲ ሲደርስ ተማሪው በዝቷል፣ ታላላቆቹም ለብቻቸው ጠረጴዛ አላቸው። ትምህርቱ ሄዶ እራቱ ቀረ።

ፈተናውስ? ሁለት ነበር። አንዱ የሮማ ሕግ፣ ሌላው የእንግሊዝ ሕግ። የሮማን ሕግ ከመቶ 95 እስከ 99 ተማሪ ያልፋል፤ የመጨረሻውን 75ና ከዚያ በላይ። በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል። ብዙው ተማሪ ዋናውን መጽሐፍ ትቶ ማስታወሻ ይሸመድዳል፤ ለሁለት ሳምንት፣ ለሁለት ወር፣ ያልፋል። ሰዉ ሁሉ ይህን ያውቃል። «የእራት ጠበቃ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸውም ለዚሁ ነው።

የጋንዲን ግትርነት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁትን መጽሐፍ ሳላነበው ማለፍ ማጭበርበር ነው ብሎ አሰበ። ሁሉንም አነበበ። የእንግሊዝን ሕግ ብቻ ለመጨረስ ዘጠኝ ወር ፈጀበት። የሮማን ሕግ በላቲን አነበበው። ላቲኑ ራሱ ታሪክ አለው። ትርፍ ጊዜ ስለነበረው የሎንዶን ማትሪክ ልፈተን አለ፤ መጀመሪያ በላቲን ወደቀ፣ ደግሞ ተፈትኖ በ1890 አለፈ። ያን ጊዜ የትም የማያደርስ ድካም ይመስል ነበር። ቆይተን እንመለስበታለን።

የመጨረሻውን ፈተና የተፈተነው በ1890 መጨረሻ ነው። አለፈ። ግን ጠበቃ አልሆነም። ለምን? የቀሩት እራቶች አሉ። እስከ 1891 አጋማሽ ድረስ አዳራሽ እየሄደ ተቀመጠ።

ከአዳራሹ ውጭ

በእነዚህ ዓመታት ጋንዲ ምን ሲሠራ ነበር ቢባል፣ መጀመሪያ ጀንትልማን ለመሆን ሲለፋ ነበር። የ19 ሺሊንግ ባርኔጣ። በአሥር ፓውንድ የተሰፋ የማታ ልብስ። የዳንስ ትምህርት፣ የቫዮሊን ትምህርት፣ የንግግር ትምህርት። ዳንሱ ከፒያኖው ጋር አልገጥም አለው። ከሦስት ወር በኋላ ነቃ፤ ሁሉንም ተወው። ከዚያ ወዲያ የወንድሙን ገንዘብ እያንዳንዷን ፔኒ በማስታወሻ ይመዘግብ ጀመር። በአውቶቡስ መሄድ ትቶ በእግሩ ሆነ። ቁርሱን አጃ በራሱ ምድጃ እየቀቀለ በቀን አንድ ሺሊንግ ከሦስት ፔንስ መኖር ቻለ።

ሥጋ የሌለበት ምግብ ፍለጋ ሲዞር የሎንዶን አትክልት ተመጋቢዎች ማኅበርን አገኘና የኮሚቴ አባል ሆነ። ለእኔ የመጀመሪያ ጉዳዩ የተካሄደው ቦምቤይ ሳይሆን እዚህ ኮሚቴ ውስጥ ነው። አሊንሰን የሚባል ሐኪም አባል ነበር። ለድሆች የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስተምራል። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሂልስ «ይህ ጸያፍ ነው፣ ይባረር» አለ። (ሂልስ የቴምስ መርከብ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ኋላ በፋብሪካው የተቋቋመው የእግር ኳስ ቡድን ነው ዛሬ ዌስትሃም የምንለው።) ጋንዲ በሐኪሙ ሐሳብ አይስማማም። ግን ማኅበሩ የተቋቋመው ሥጋ ላለመብላት ነው፤ አንድ አባል በሌላ ጉዳይ በያዘው አቋም ሊባረር አይገባም አለ።

ንጹህ የሕግ ክርክር ነው። የማኅበሩ ዓላማ ምን ይላል? ሥልጣኑ እስከ የት ነው? ችግሩ፣ ተነስቶ መናገር አቃተው። ጽፎ መጣ፤ የጻፈውንም ማንበብ አቃተው። ሌላ ሰው አነበበለት። ድምፅ ተሰጠ። ተሸነፈ።

ጁን 10 ቀን 1891 ባሪስተር ተባለ። በማግሥቱ ሁለት ሺሊንግ ተኩል ከፍሎ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመዘገበ። በሦስተኛው ቀን መርከብ ላይ ነበር።

ካባ አለ፣ ሙያ የለም

አገሩ ሲገባ የጠበቀው መርዶ ነው። እናቱ እሱ እዚያ እያለ ሞታለች፤ እንዳይደነግጥ ደብቀውት ነበር።

ከዚያ ደግሞ የሥራው ነገር። ጋንዲ ሦስት ዓመት ያነበበው የሮማንና የእንግሊዝን ሕግ ነው። ሕንድ ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው። እንግሊዞቹ ለሕንድ ለብቻ ያወጧቸው ሕጎች አሉ፤ የ1860 የወንጀለኛ መቅጫ፣ የ1872 የማስረጃና የውል ሕግ። ጋብቻና ውርስ ደግሞ ሂንዱው በሂንዱ ሕግ፣ ሙስሊሙ በሙስሊም ሕግ ይዳኛል። ሎንዶን ሲማር ከዚህ አንዲት መስመር አልተማረም። አቤቱታ መጻፍም አያውቅም። የአገር ቤት ጠበቆች፣ ቫኪል የሚባሉት፣ ይህን ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል። ግን ካባ የላቸውም። ክፍያው የሚቆለለው ለካባው ነው። የተማረ ይግደለኝ ይሉታል ይሄ ነው።

ቦምቤይ ሄዶ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን ማንበብ ጀመረ፤ አልገፋ አለው። የማስረጃ ሕጉ ይሻል ነበር። እንዲለምድ ብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እየሄደ ክርክር ይሰማል። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሌሎችም እንደሚያንቀላፉ ሲያይ ማፈሩን ተወ።

በመጨረሻ አንድ ጉዳይ መጣ። ትንሽ የገንዘብ ክርክር፣ ክፍያው 30 ሩፒ። ለደላላው ኮሚሽን ስጥ አሉት። ትልልቆቹም ይሰጣሉ አሉት። እምቢ አለ፤ ጉዳዩ ግን አልቀረበትም። ቀኑ ደረሰና ችሎት ገባ። የተከሳሽ ጠበቃ ነውና ለከሳሽ ምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ አለበት። ተነሳ። ጭንቅላቱ ዞረ፤ ችሎቱም አብሮት የሚዞር መሰለው። አንድ ጥያቄ አልመጣለትም። ቁጭ አለ። «ሌላ ጠበቃ ያዙ፣ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ» አለና ወጣ። የተያዘው ጠበቃ 51 ሩፒ ተቀበለ፤ ለእሱ የልጅ ጨዋታ ነበር።

ጋንዲ ከዚያ የመምህርነት ማስታወቂያ አይቶ አመለከተ። እንግሊዝኛ፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ በወር 75 ሩፒ። ዲግሪ የለህም ተብሎ ተመለሰ። ያ የ60 ሩፒ ዲግሪ! ስድስት ወር ገደማ ቦምቤይ ታግሎ ራጅኮት ተመለሰና አቤቱታና ማመልከቻ ይጽፍ ገባ። እዚያ በወር 300 ሩፒ አገኘ። ሥራው ግን የሚመጣው በወንድሙ በኩል ነበር። እዚያ ደግሞ የኮሚሽኑን ነገር እምቢ ማለት አልቻለም፤ ራሱ ነው የጻፈው።

በ1893 ከደቡብ አፍሪካ ጥሪ መጣ። ዳዳ አብዱላ የሚባል የሕንድ ነጋዴ ድርጅት 40,000 ፓውንድ የሚጠይቅበት ክስ አለው። የሚፈልገው ተከራካሪ አይደለም፤ ተከራካሪዎቹ ነጮች ናቸው። ጉጃራቲኛ የተጻፈውን ሰነድ አንብቦ የሚያስረዳቸው ሰው ነው የሚፈልገው። ለአንድ ዓመት 105 ፓውንድና የመርከብ ቲኬት። ጋንዲ ይህ የድርጅት አገልጋይ መሆን እንጂ ባሪስተርነት እንዳልሆነ ገብቶታል። ሄደ።

ነጭ ባለመሆኑ ከባቡር የተጣለበትን ሌሊት ሁሉም ያወራዋል፤ እኔ አልፈዋለሁ። የማልፈው ከዚያ በኋላ ክሱ በነበረባት ከተማ፣ ፕሪቶሪያ፣ ስላጠናው ነገር ማንም ስለማያወራ ነው። የሒሳብ አያያዝ ነው ያጠናው። ክሱ በንግድ ሒሳብና በተስፋ ሰነዶች (ይህን ያህል እከፍላለሁ ተብሎ የሚፈረምባቸው ወረቀቶች) የተሞላ ነው። እሱ ደግሞ የተስፋ ሰነድ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። መጽሐፍ ገዛ፣ መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላበጠ፣ ከማንም በላይ ጉዳዩን አወቀ። ሎንዶን እያለ አንድ እንግሊዛዊ «የሕግ ሦስት አራተኛው ፍሬ ነገሩ ነው» ብሎት ነበር። ያኔ የገባው ምክር አልመሰለኝም። ፕሪቶሪያ ገባው። የላቲኑም ነገር እዚህ ዋጋ አገኘ፤ የደቡብ አፍሪካ ሕግ መሠረቱ የሮማና የሆላንድ ሕግ ነው።

መዝገቡን ሲጨርስ ደንበኛው እንደሚረታ አወቀ። ሌላም ነገር አየ። ከሳሽና ተከሳሽ ዘመዳሞች ናቸው፣ የአንድ ከተማ ሰዎች። ክሱ ከገፋ የጠበቃ ወጪ ሁለቱንም ይበላቸዋል። ተከሳሹ ጠይብ ሼት ጋ ሄደና በግልግል ጨርሱት ብሎ ለመነ። ተስማሙ። ገላጋዩ ለዳዳ አብዱላ ፈረደ፤ 37,000 ፓውንድና ወጪ። ጠይብ ይህን በአንዴ ቢከፍል ይከስራል፤ ለእሱ ዓይነት ነጋዴ ደግሞ ከኪሳራ ሞት ይሻላል። ጋንዲ ወደ ራሱ ደንበኛ ተመልሶ በረጅም ጊዜ ክፍያ አስማማው። ከግልግሉ ይልቅ ይህኛው እንደከበደው ጽፏል። ከዚያ በኋላ በጠበቃነት በቆየባቸው 20 ዓመታት አብዛኛው ሥራው ከችሎት ውጭ ማስታረቅ ሆነ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጉዳዮች።

በ1894 የናታል (ያኔ በእንግሊዝ ሥር የነበረ የደቡብ አፍሪካ ክፍል) ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጠበቃነት ሲቀበለው የነጮቹ የጠበቆች ማኅበር ተቃውሞ ነበር። ተቃውሞው አልሠራም። ያ በ72 እራት የተገኘ ባሪስተርነት ነበረና።

ባሪስተርነቱ ግን እስከ መጨረሻው አልቆየም። ሕንድ ከተመለሰ በኋላ፣ ማርች 18 ቀን 1922 አህመዳባድ ከተማ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ጥላቻ በመቀስቀስ ተከስሶ ቀረበ። ሙያው ሲመዘገብ ጠበቃ አላለም፤ ገበሬና ሸማኔ ነኝ አለ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። የተፈረደበት ሰው ባሪስተር ሊሆን አይችልምና በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ኢነር ቴምፕል ስሙን ከመዝገብ ሰረዘ። የመለሰው በ1988 ነው፤ ከሞተ 40 ዓመት በኋላ። በዚህኛው ጊዜ እራት አልተጠየቀም።